ፖል ጌቲ ጁኒየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ሰውዬ፣ ማለት ስለ ነዳጅ ከበርቴው ልጅና ገንዘብ በመስጠት ስለታወቀው ስለ ፖል ጌቲ ጁኒየር፣ ባወራሁ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች ያው እነሱው ናቸው፣ እና አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስና ልገላገል ብዬ ነው። ዓመተ ምህረቱም ወሩም ቀኑም ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጌቲ ማለት ያ ፎቶ ላይ የሚፃፈው ጌቲ ነው?

አዎ፣ ቤተሰቡ ነው። የአትሌቶቻችንን ፎቶ ስትፈልጉ መሀሉ ላይ ጌቲ ኢሜጅስ የሚል ፅሁፍ ተጋርጦ የሚያናድዳችሁ የለ? ያንን ካምፓኒ በ1995 ከሸሪኩ ጋር ያቋቋመው ማርክ ጌቲ ነው፣ ማርክ ደግሞ እዚህ የማወራለት የፖል ጌቲ ጁኒየር ልጅ ነው። አባትየው ግን ከፎቶ ቢዝነሱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ እንዲያውም በእድሜው ብዙ ቢዝነስ የሰራ ሰው አይደለም፣ ዝናው ሌሎች የሰሩትን ገንዘብ በመስጠት ነው።

ስንት ፖል ጌቲ ነው ያለው?

እዚህ ጋ ሁሉም ሰው ይምታታበታል። ሦስት ናቸው። አያትየው ጄ ፖል ጌቲ የነዳጅ ከበርቴው ነው፣ ፎርቹን መፅሔት በ1957 የአሜሪካ አንደኛ ሀብታም ያለው፣ በሳውዲና በኩዌት መሀል ባለው በረሃ ነዳጅ ያወጣው። ሁለተኛው ልጁ ጄ ፖል ጌቲ ጁኒየር፣ የኛ ሰው። ሦስተኛው የልጅ ልጅ፣ ያ ጣሊያን አገር ታግቶ ጆሮው የተቆረጠው ልጅ። እኛ አገር ቢሆን ፖል ፖል ጌቲ ተብሎ ስም ሲጠራ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ያልቅ ነበር። ደግሞ ጁኒየር ሲወለድ የወጣለት ስም ዩጂን ፖል ነበር፣ በ1932 ጣሊያን ጄኖዋ አካባቢ መርከብ ላይ ነው የተወለደው፣ የአባቱን ስም በደንብ የያዘው በኋላ ነው። ከዚህ በታች አባትየውን ሽማግሌው እያልኩ ነው የምጠራው፣ አለዛ አንግባባም።

ሎስ አንጀለስ ያለው የጌቲ ሙዚየምስ የሱ ነው?

አይደለም፣ የሽማግሌው ነው። ሽማግሌው በ1976 ሲሞት ከሀብቱ ብዙውን የተወው ለሙዚየሙ ነው። በነገራችን ላይ እዛ ሙዚየም ውስጥ 500 ዓመት ገደማ የሆነው በግዕዝ የተፃፈ ወንጌል አለ፣ ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ጠይቁና እዩት፣ ግን እሱ ከጁኒየር ጋር አይገናኝም። ጁኒየር ከዚህ ሙዚየም ጋር ያለው ታሪክ በተቃራኒው ነው፣ ወደ ታች እደርስበታለሁ፣ ከሁሉ የምወደው ክፍል እሱ ነው።

አባቱ ያወረሰው 500 ዶላር ብቻ ነው የሚባለው እውነት ነው? ታዲያ ገንዘቡን ከየት አመጣው?

500 ዶላሩ እውነት ነው፣ ኑዛዜው ላይ ያለው እሱ ነው። የአለም ሀብታም የሚባል ሰው ለገዛ ልጁ 500 ዶላር! ስድብ ነው እንጂ ውርስ አይደለም። ገንዘቡ የመጣው ግን በሌላ በር ነው። የሽማግሌው እናት ሳራ የምትባል ሴትዮ ነበረች፣ ልጇን ትወደዋለች ግን አታምነውም፣ ምክንያቱም ሰውየው በኢኮኖሚ ቀውሱ ዘመን በገንዘብ የሚቆምር ነጋዴ ነው፣ ትዳር ላይም ያን ጊዜ አራተኛ ሚስቱ ላይ ደርሷል (በኋላ አምስተኛም አግብቷል፣ አምስቱንም ፈትቷል)። ስለዚህ በ1934 የሳራ ሲ ጌቲ ትረስት የሚባል አቋቋመች፣ ማለት ሀብቱ በባላደራ እጅ ይቆይና በኋላ ለልጅ ልጆቹ ይድረስ ነው ነገሩ። ሽማግሌው ራሱ እያባዛው አሳደገው፣ ግን ኑዛዜው ላይ ሊነካው አይችልም፣ የእናቱ አደራ ነዋ።

ከዛ በ1984 ቴክሳኮ የሚባለው የነዳጅ ካምፓኒ የሽማግሌውን ካምፓኒ ጌቲ ኦይልን በ10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው፣ ትረስቱ ከካምፓኒው 40 በመቶ ገደማ ነበረው፣ በአንድ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ሆነ ማለት ነው። በማግስቱ ዓመት ቤተሰቡ በፍርድ ቤት ተጨቃጭቆ ለአራት ተካፈለው፣ ለጁኒየር ወገን ግብር ተከፍሎ ወደ 750 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። እና ጁኒየርን ሀብታም ያደረገችው አያቱ ናት እንጂ አባቱ አይደለም። ሴትዮዋ ቀድማ አይታለች።

ወጣት ሆኖስ ምን ይሰራ ነበር?

መጀመሪያ ልክ እንደ ሰው ነበር፣ ኮሪያ ወታደር ሆኖ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አገባ፣ አራት ልጅ ወለደ፣ ሮም የጌቲ ኦይል ኢታሊያና ኃላፊ ሆኖ ይሰራ ነበር። ከዛ ትዳሩ ፈረሰና በ1966 ታሊታ ፖል የምትባል ቆንጆ አገባ፣ ከዛ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ማራኬሽ ትልቅ የድሮ ቤት ገዙ፣ የሮክ ሙዚቀኞች ምናምን እየመጡ የሚያድሩበት። በ1969 የተነሳ፣ ቮግ የሚባለው የፋሽን መፅሔት ላይ የወጣ ፎቶ አለ ፋሽን የሚከታተል ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ እሷ ሰገነት ላይ የተጠለፈ ካፖርት ለብሳ ነጭ ቡትስ አድርጋ ከፊት ተቀምጣለች፣ እሱ ከኋላ ጀላቢያ ለብሶ ቆቡን ደፍቶ ቆሟል፣ ፊቱ በደንብ አይታይም። እኔ ያንን ፎቶ ሳይ ሁሌ እሱን ነው የማየው፣ ቤቱ የሱ ሆኖ እንግዳ ይመስላል።

በ1971 ታሊታ ሮም ውስጥ በሄሮይን ሞተች። ልጃቸው ገና የ3 ዓመት ልጅ ነበር። እሱ ጣሊያን ቢቆይ ምርመራ እንዳይጠብቀው ፈርቶ ሎንዶን ገባ፣ ቼልሲ ቴምዝ ወንዝ ዳር አንድ የድሮ ሰዓሊ ይኖርበት የነበረ ቤት ውስጥ ዘግቶ ተቀመጠ። አስር ዓመት በላይ እዛው ነው፣ ሄሮይን፣ መጠጥ፣ መጋረጃ ተዘግቶ። ቲቪ ያያል፣ መፅሐፍ ያነባል፣ አለቀ።

ልጁ ሲታገት ለምን አልከፈለም?

ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ሁሌ ሆዴ ይላወሳል። ሐምሌ 1973 ነው፣ ልጁ (ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለደው ትልቁ) 16 ዓመቱ ነበር፣ ሮም ውስጥ ለሊት ላይ ተያዘ፣ አጋቾቹ 17 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ። ጁኒየር ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ገንዘብ በእጁ የለም፣ ትረስቱ በሽማግሌው እጅ ነው። ለአባቱ አስጠየቀ፣ ሽማግሌው እምቢ አለ፣ 14 የልጅ ልጅ አለኝ፣ ለአንዱ ብከፍል ሌሎቹም ይታገታሉ ነው ነገሩ። ይሄ ሰው እኮ እንግሊዝ አገር ባለው ቤተመንግስት በሚያክል ቤቱ ውስጥ እንግዶች የሚደውሉበት የሳንቲም ስልክ ያስገጠመ ሰው ነው፣ ከሱ ምን ይጠበቃል።

ህዳር ላይ የሮም ጋዜጣ ቢሮ ፖስታ ደረሰ፣ ውስጡ የልጁ ጆሮና ፀጉር ነበር። ፖስታው ራሱ ዘግይቶ ነው የደረሰው፣ የፖስታ ሰራተኞች አድማ ላይ ነበሩ። ከዛ በኋላ ነው ሽማግሌው የተንቀሳቀሰው፣ እሱም ድርድር አድርጎ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ካወረደው በኋላ። ከዛ ውስጥ 2.2 ሚሊዮኑን ራሱ ከፈለ፣ ለምን እሷን ብቻ ካላችሁ ከግብር የሚቀነስለት እስከዛ ድረስ ብቻ ስለሆነ ነው። ቀሪውን ለጁኒየር አበደረው። በ4 ፐርሰንት ወለድ። ለገዛ ልጁ፣ የልጅ ልጁን ለማስለቀቅ። ልጁ የተለቀቀው ታህሳስ 15 ነው፣ የሽማግሌው ልደት ቀን፣ ለማመስገን ሲደወልለት ስልኩን አላነሳም ይባላል።

ጁኒየርስ? ጁኒየር ሎንዶን ቤቱን ዘግቶ ነበር። ወደ ጣሊያን አልሄደም። እናትየው ናት ብቻዋን የተንከራተተችው።

ስለዚህ እሱ ከአባቱ ይሻላል ማለት ነው?

በኋላ አዎ፣ መሀል ላይ ግን አይደለም፣ እሱን መደበቅ አልፈልግም። በ1981 ያ የታገተው ልጅ መድሃኒትና መጠጥ ቀላቅሎ ስትሮክ መታው፣ ሰውነቱ ሽባ ሆነ፣ አይኑም ከሞላ ጎደል ጠፋ፣ እናቱ የህክምናውን ወጪ እንዲከፍል ጁኒየርን ስትጠይቀው እምቢ አለ። ከሰሰችው። የገዛ ልጁን ህክምና በክስ ነው የከፈለው። ያ የ4 ፐርሰንቱ ሽማግሌ ቤት ውስጥ ሳያስበው የተማረው ነገር አለ ማለት ነው፣ ወይ ደግሞ ሄሮይን ሰውን እንዲህ ያደርጋል፣ እኔ አላውቅም። ብቻ ከአራት ዓመት በኋላ ለማያውቀው ሙዚየም 50 ሚሊዮን ፓውንድ የሰጠው ይሄው ሰው ነው፣ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ነው እንጂ አንዱን ብቻ አንስቶ ቅዱስ ወይ ሰይጣን ማለት አያስኬድም።

መስጠት የጀመረው መቼ ነው?

80ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቀስ እያለ ነው። በ1984 ራሱን ለማስታመም ሎንዶን ክሊኒክ ገባና ከአንድ ዓመት በላይ እዛው ኖረ፣ ሀብታም ስለሆነ ክሊኒክ እንደ ቤት ተከራየ በሉት። ትልልቁ ስጦታ የወጣው ከዛ አልጋ ላይ ነው።

ስጦታዎቹን ስትደረድሯቸው አንድ ነገር ታያላችሁ። የድሮ ሲኒማ፣ መፅሐፍ፣ ክሪኬት፣ ጋዜጣ ላይ ያነበበው የተቸገረ ሰው ሁሉ። እነዚህ ምንድናቸው? ቤት ውስጥ የተኛ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ የሚያያቸው ነገሮች ናቸው። ለፀፀት ነው፣ ለንስሀ ነው የሚሉ አሉ፣ ይሆናል፣ ግን ለኔ ከሱ ይልቅ በዛ ሁሉ ዓመት ብቻውን ሆኖ አብረውት ለቆዩት ነገሮች ብድር የመለሰ ነው የሚመስለኝ።

50 ሚሊዮን ፓውንዱ ለማን ነው የተሰጠው?

ሎንዶን ትራፋልጋር አደባባይ ላለው ናሽናል ጋለሪ፣ በ1985፣ ስዕል መግዣ። የዛን ጊዜ 50 ሚሊዮን። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ የድሮ ትልልቅ ስዕሎች ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር፣ ዋጋውን ሰማይ ካደረሱት አንዱ ደግሞ ማን ነው፣ የአባቱ ሙዚየም! የሽማግሌው ውርስ ያበጠው ሙዚየም ገበያ ላይ ሲወጣ የመንግስት ጋለሪዎች አይችሉትም ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ማርጋሬት ታቸር ለማመስገን ክሊኒኩ ድረስ ሄዳ ጠይቃዋለች፣ የታመመ ጥየቃ ብርቱካን ይዛ ይሁን አይሁን እንጃ።

ያልከው የአባቱ ሙዚየም ታሪክስ?

እሺ። ካኖቫ የሚባል ጣሊያናዊ ቀራፂ የሰራው ሦስቱ ፀጋዎች የሚባል የእምነበረድ ሀውልት አለ፣ ሦስት ሴቶች ተቃቅፈው የቆሙበት፣ አንድ እንግሊዛዊ መስፍን አሰርቶት እዛው እንግሊዝ አገር የኖረ። በ1989 የጌቲ ሙዚየም በ7.6 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛውና ወደ ካሊፎርኒያ ሊወስደው ተስማማ። እንግሊዞች ደግሞ ቅርስ ነው ብለው የመውጫ ፈቃዱን እያዘገዩ፣ እያራዘሙ፣ ገንዘብ እያዋጡ ዓመታት ሄደ፣ አይሞላም። በ1994 ጁኒየር 1 ሚሊዮን ፓውንድ ጨመረ፣ አንድ ሌላ ሀብታም፣ ባሮን የሚል የመኳንንት ማዕረግ ያለው፣ ደግሞ 800 ሺህ፣ ሞላ። ሀውልቱ ቀረ።

ልብ በሉ እንግዲህ፣ በአባቱ ስም የሚጠራ ሙዚየም በአባቱ ገንዘብ ሊገዛ ነው፣ ልጅየው በአያቱ ገንዘብ ከለከለ። 500 ዶላሩን የሚያስታውስ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እሱ በቀል ነው ብሎ አልተናገረም፣ እኔም አልልም፣ ግን ፈገግ አልኩ።

ለሲኒማ ምን አደረገ?

ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ስራው ይሄ ነው፣ ሰው ግን አያወራለትም። የድሮ ፊልም እስከ 1950 አካባቢ ድረስ ናይትሬት በሚባል ነገር ላይ ነበር የሚታተመው፣ ሲታይ እንደ ብር የሚያበራ ቆንጆ ነገር ነው፣ ግን ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ እሳት ነው፣ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ውስጥ ብትከቱት እንኳ አይጠፋም፣ ኦክስጅኑን ራሱ እያመረተ ይነዳል። ሁለተኛ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ በራሱ ይበሰብሳል፣ መጀመሪያ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ እንደ ማር ይጣበቃል፣ መጨረሻ ላይ ክዳኑን ስትከፍቱ ቡናማ ዱቄት ነው የምታገኙት። የሰው ፊት የነበረ ነገር ዱቄት። ማዳኛው አንድ ነው፣ በቅዝቃዜ ማስቀመጥና ሳይበሰብስ ወደ አዲስ ፊልም መገልበጥ፣ እሱ ደግሞ አድካሚ ስራ ነው፣ ሜትር በሜትር በእጅ እየጠገኑ።

ጁኒየር ለብሪቲሽ ፊልም ኢንስቲትዩት ብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ፣ ከሎንዶን ወጣ ብሎ በርካምስተድ የሚባል ከተማ የፊልም መጠገኛ ማዕከል ተሰራበት፣ በ1987 ተከፈተ፣ በስሙ ነው የሚጠራው። ሙዚየም ላይ ስም ማስፃፍ ለሀብታም ደስ ይላል፣ ሰው ያያችኋል፣ ነጭ ጓንት ያደረገ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ የተቀደደ ፊልም ሲለጥፍ ግን ማንም አያያችሁም።

ክሪኬት ከየት መጣ? አሜሪካዊ አይደለም እንዴ?

ነው፣ ያስቃል። ክሪኬት ለኛ ሰው ብዙም አይገባንም፣ ዱባይ ወይ ሻርጃ የሰራ ሰው ግን አርብ አርብ ፓኪስታኖችና ህንዶች ባዶ መሬት ላይ ሲጫወቱት አይቷል፣ ያ ነው። ሚክ ጃገር፣ አዎ ያ የሮሊንግ ስቶንስ ዘፋኙ፣ ቤቱ ሊጠይቀው መጥቶ ቲቪ ላይ ክሪኬት ከፍቶ አስረዳው ይባላል፣ በዛው ተለከፈ። የክሪኬት ጨዋታ አምስት ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ መሄጃ ለሌለው ሰው ከዚህ በላይ ምን ይመቻል። ሎንዶን ለሚገኘው ሎርድስ ስቴዲየም በ1987 የተከፈተውን እንደ ድንኳን ያለ ጣሪያ ያለው የተመልካች መቀመጫ ለማሰራት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ። ከዛ የራሱን ሜዳ አሰራ! ዎርምስሊ የሚባል ከሎንዶን ወደ ሰሜን ምዕራብ ጫካና ኮረብታ መሀል የገዛው ርስት አለ፣ እዛ ውስጥ የሳር ክዳን ቤት ያለው የክሪኬት ሜዳ፣ በ1992 ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀርና የንግስቲቱ እናት ተገኝተዋል። አስር ዓመት በላይ መጋረጃ ዘግቶ የኖረ ሰው ሳር ላይ ወንበር አውጥቶ እንግዳ ሲቀበል።

መፅሐፉስ?

እዛው ዎርምስሊ ቤተ መፅሐፍ ሰራ፣ ከውጪ ሲታይ ትንሽ የድሮ ምሽግ የሚመስል። የሚወደው ማንበብ ብቻ አይደለም፣ አጠራረዙን፣ ቆዳውን፣ ወረቀቱን ነው። ብራና ሲዳሰስ የሚያውቅ የኛ ሰው ይሄ ይገባዋል መሰለኝ። በ2002 የሼክስፒርን የመጀመሪያ ትልቁን የድርሰት ስብስብ፣ በ1623 የታተመውን፣ ከኦክስፎርድ ኦሪየል ኮሌጅ ገዛ፣ ዋጋው ወደ 3.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነው የተባለው። ይሄኛው ግን ስጦታ አይደለም፣ ለራሱ ነው።

ሰር የተባለው በ1986 ነው ወይስ በ1998?

ሁለቱም ይፃፋል። በ1986 የክብር ማዕረጉን ተቀበለ፣ ግን የውጭ ዜጋ ስለሆነ ሰር መባል አይችልም። በ1997 መጨረሻ እንግሊዛዊ ዜግነት ወሰደና ከዛ በኋላ ሰር ፖል ሆነ። በቃ።

ፖለቲካው ምን ነበር?

ለመያዝ ያስቸግራል። 80ዎቹ ውስጥ አድማ ላይ ለነበሩ የከሰል ማዕድን ሰራተኞች ቤተሰቦች ገንዘብ ላከ፣ እነሱ የሚታገሉት ማንን ነው፣ ያቺኑ ክሊኒክ ድረስ መጥታ የጠየቀችውን ታቸርን። ከዛ በ2001 ደግሞ ለታቸር ፓርቲ ለወግ አጥባቂዎቹ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ። ርዕዮተ ዓለም አትፈልጉበት። ለቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ማሳደሻም ሰጥቷል፣ እስር ቤት ለሚገቡ ለሚወጡ፣ ለቤት የለሾች የሚሆን የበጎ አድራጎት ትረስትም አቋቁሟል፣ እንዲህ ቆጥሬ አልጨርሰውም። በጠቅላላው ከ140 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሰጠ ነው በብዛት የሚጠቀሰው።

መቼ ሞተ? ልጆቹስ?

ሚያዝያ 2003፣ በ70 ዓመቱ፣ እዛው ሎንዶን ክሊኒክ ውስጥ። በ1994 መጨረሻ ላይ ሦስተኛ ሚስቱን ቪክቶሪያን አግብቶ ነበር፣ ብዙ ዓመት ያስታመመችው እሷ ናት። የታገተው ልጁ በ2011 አረፈ፣ ከ81 ጀምሮ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር። ማርክ ደግሞ በኋላ የናሽናል ጋለሪ የቦርድ ሰብሳቢ ሆኗል፣ አባቱ 50 ሚሊዮን የሰጠው ጋለሪ ማለት ነው።

ዛሬ ሄጄ ላየው የምችለው ነገር አለ?

ሎንዶን ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ ናሽናል ጋለሪ መግቢያው በነፃ ነው፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጎራ ማለት ትችላላችሁ። ሦስቱ ፀጋዎችን ለማየት ግን ቀድማችሁ አጣሩ፣ የገዙት ሁለት ሙዚየሞች በጋራ ስለሆነ ሀውልቱ አንዴ ሎንዶን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ አንዴ ኤዲንብራ ነው የሚከርመው፣ ዝም ብላችሁ ሄዳችሁ ባዶ ቦታ እንዳታገኙ። ዎርምስሊ የግል ርስት ነው፣ ዘው ተብሎ አይገባም፣ ከ2011 ወዲህ ግን በጋ ላይ ጋርሲንግተን የሚባል የኦፔራ ፌስቲቫል እዛ ይካሄዳል፣ ትኬቱ ውድ ነው፣ ልብስም ሽክ ብሎ ነው የሚኬደው። ስትደርሱ የክሪኬት ሜዳው የት እንደሆነ ጠይቁ።